ሁለት ልብ

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁርስ ቀመስን። ወፍጮ ቤቴ ዝግ ነው፤ ጆሮዬ ዐረፈ። ሜዳው ላይ ሩዙ ቢጫ ሆኗል። ትንሽ ቢቆይ ነው... ከዚያ በኋላ እስከ ጥር መፈልፈያው አያርፍ፣ እኔም አላርፍ።

ከሰዓት ቻላቸውና ብርክቲ መጡ። ቻላቸው በቁሐር ሚካኤል ቀበሌ የከብት ሐኪም ነው፤ ዛሬም ቦት ጫማው ጭቃ በጭቃ ነበር፣ በር ላይ አስወለቅሁት። ብርክቲ መድኃኒት ቤቷን ዘግታ መጣች። አራታችን ብሪጅ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ እንጫወታለን። ወረታ ውስጥ ይህን ካርታ የሚያውቅ ሌላ ሰው መኖሩን እንጃ። ደስታው ደብረ ታቦር ተማሪ ሳለ ከህንዳዊው የሒሳብ መምህሩ ተማረው፣ ስንጋባ ለእኔ አስተማረኝ፣ ሁለቱን ደግሞ እኛ አስተማርናቸው።

ዛሬም ተሸነፍን። ዛሬም ተጨቃጨቅን።

"ሁለት ልብ ብለህ መክፈት ነበረብህ" አልኩት።

"በምን አቅሜ? ሰባት ነጥብ ይዤ?"

"እሱን እኮ ነው የምልህ!"

"አምሳል፣ ሚስተር ናየር እንዲህ ያለውን..."

ሚስተር ናየር! ሰውየው አገሩ ከገባ ስንት ዘመኑ፤ እኛ ቤት ግን እስካሁን ይፈርዳል። ባሌ ከመምህርነት ጡረታ ወጥቶም የመምህሩን ቃል እንደ ተማሪ ይጠቅሳል።

ጥቅምት 11

ለራሴ ግልጽ እንዲሆንልኝ ልጻፈው። አፍ ለአፍ ስንከራከር ይምታታብኛል።

ሁለት ለሁለት ነን። አጣማጄ ፊት ለፊቴ ይቀመጣል። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ጨረታ አለ፤ የያዝኩትን ለአጣማጄ የምነግረው በዚያ ብቻ ነው። ቃሉ ደግሞ ጥቂት ነው። ቁጥር፣ ማለትም ከስድስት በላይ ስንት ዙር እንደማሸንፍ፤ ከቁጥሩ ጋር አበባ፣ አልማዝ፣ ልብ ወይም ጦር። የምለው ከሌለኝ "አልፌያለሁ"። በቃ። በዚህች ጠባብ ቋንቋ ነው ባልና ሚስት የምንግባባው... ወይም የማንግባባው።

ጥያቄው ይሄ ነው። እጄ ደካማ ሆኖ አንድ ዓይነት ካርታ ብቻ ቢበዛብኝ ምን ልበል?

የደስታው መንገድ፦ ዝም። "ሁለት ልብ" የሚባለው ብርቱ እጅ የያዘ ሰው ነው፤ አጣማጁም ሲሰማ ሽቅብ መውጣት አለበት። ጨዋ መንገድ ነው፣ አያሳፍርም። ግን እንዲያ ያለው እጅ መቼ ይመጣል? ክረምቱን ሙሉ ስጠብቅ አንዴ ቢደርሰኝ ነው። እሱንም መብራት ሄደብን።

የእኔ መንገድ፦ ስድስት ልብ ከያዝኩ፣ ነጥቤ፣ ማለትም የአስና የባለ ሥዕል ካርታዎቼ ዋጋ፣ ጥቂት ቢሆንም፣ ቀድሜ "ሁለት ልብ" እላለሁ። ሰባት ከሆነማ "ሦስት"። ተቃራኒዎቼ ቀስ ብለው ከታች መጀመር አይችሉም፤ መነጋገሪያ ቦታ ወሰድኩባቸው። አጣማጄም ደካማ መሆኔን ያውቃልና ያልፋል። ብርቱው እጅ ሲመጣ ደግሞ "ሁለት አበባ" ይባላል፤ አበባ ይኑር አይኑር፣ ብርቱ ነኝ ማለት ብቻ ነው። አደጋው? ከፍ ብዬ ከጮኽኩ በኋላ ሁሉም ጥለውኝ ቢያልፉ፣ የገባሁበት ጉድጓድ የራሴ ነው።

የቻላቸው መንገድ፣ ከስልኩ ያመጣው፦ "ሁለት አልማዝ" ይላል፤ አልማዝ ግን የለውም። ወይ ስድስት ልብ ወይ ስድስት ጦር አለኝ ማለቱ ነው። የትኛው? አይናገርም። ተቃራኒው ግራ ይጋባል። ችግሩ ብርክቲም ግራ ትጋባለች።

ብልጥ ነገር ነው። ወደድኩት? እንጃ...

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ቻላቸው "ሁለት አልማዝ" አለ። ብርክቲ ልብ መሰላት፣ እሱ ለካ ጦር ነው። ስትወጣ ስትወጣ ገደል ከተተችው። ደስታው እስኪያስለው ሳቀ።

"አጣማጄ ያላወቀውን ተቃራኒዬ ባያውቀው ምን ይጠቅመኛል?" አለው።

"ጋሽ ደስታው፣ ዓለም ሁሉ እንዲህ ነው አሁን የሚጫወተው።"

"ዓለም ሁሉ ገደል ውስጥ ነዋ!"

የደስታው ሳቅ ደስ ይላል። ግን የእኔን መንገድም ገና አልተቀበለውም። "አስብበታለሁ" ብቻ። ማሰብ ለሱ ዓመት ነው።

ጥቅምት 19

ተቀበለ!

አመሻሽ ላይ ወፍጮ ቤት መጣ። የመፈልፈያውን ቀበቶ እያጠበቅሁ ነበር። ጆንያ ላይ ተቀመጠና "እሺ፣ ባንቺ ይሁን" አለ።

"ምኑ?"

"ሁለት ልብ ካልኩሽ ደካማ ነኝ፣ ስድስት ካርታ ነው። ብርቱ ከሆንኩ ሁለት አበባ እልሻለሁ። ሒሳቡን ሠራሁት። ደካማው እጅ ነው ቶሎ ቶሎ የሚመጣው።"

"እኔ ያልኩህ እኮ ነው!"

"አንቺ ጮኽሽብኝ እንጂ አልሠራሽውም።"

እሑድ እነ ቻላቸውን ሳንነግር እናሸንፋቸው ስለው ፊቱ ተኮሳተረ። "ነውር ነው። ከመጀመራችን በፊት እንነግራቸዋለን።" ሰውየው እንዲህ ነው። እያሸነፍክ እንኳ ቅር የሚያሰኝህ ነገር አያጣም። ደስ ብሎኛል ግን። እሑድ ይድረስልኝ።

ጥቅምት 20

ደስታው ወደቀ። ባሕር ዳር ነን። እግዚአብሔር...

ጥቅምት 24

ሆስፒታል። አሁን ነው እስክሪብቶ የጨበጥኩት።

ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ። ቀና ሲል የፊቱ ቀኝ ወገን ወርዷል። "ምን ሆንክ?" ስለው አፉን ከፈተ፤ ቃል ግን የለም። ከዚያ ወንበሩን ይዞ ወደቀ። ቻላቸው በመሥሪያ ቤቱ መኪና ደረሰልኝ። መንገዱ ክፍት መሆኑን እንኳ አላወቅንም፤ ዝም ብለን ወጣን። ክፍት ነበር። ተመስገን።

ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ረግቷል አሉ። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ደክመዋል። አንደበቱም። እግሩ ይመለሳል ይላሉ። "ንግግሩስ?" አልኩ። ሐኪሙ ደግ ልጅ ነው፣ አልዋሸኝም። "ምን ያህል እንደሚረዱ ራሱ ገና አናውቅም፣ እናቴ። ጊዜ ነው የሚነግረን።"

ልጃችን ሉሊት ባሕር ዳር ስለምትኖር አብራኝ ናት። እሷ ባትኖር ምን እሆን ነበር?

ኅዳር 6

ቤታችን ገባን። ሉሊት ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ አብራን መጣች። ከዘራ ይዞ፣ እኔ ደግፌው፣ ከአልጋ እስከ በር ይሄዳል።

"ውኃ ትፈልጋለህ?" ራሱን ይነቀንቃል። "አትፈልግም?" አሁንም ይነቀንቃል። "ልብስህን ላውልቅልህ?" ይነቀንቃል። ሁሉንም እሺ ይላል። ደስታው! በሕይወቱ ሁሉን እሺ ብሎ የማያውቅ ሰው...

እኔን ያውቀኛል። ይህን አልጠራጠርም። ሌላውን ግን? አሳቡ ውስጥ ምን ቀረ?

ኅዳር 14፣ እሑድ

ነገ ጾሙ ይገባል። ቻላቸውና ብርክቲ ሊጠይቁት መጡ። ምናልባት ብዬ ካርታውን አወጣሁ። ደስ ያለው መሰለኝ። አሥራ ሦስቱን በግራ እጁ አስያዝኩት፤ ተበተኑ። ብርክቲ ለቀመችለት፤ እንደገና ተበተኑ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጀርባው ብቻ ነበር የሚታየኝ። ይንቀጠቀጣል።

ካርታውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሁለተኛ አላወጣውም።

ኅዳር 22

መፈልፈያው ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ። ከደራም ከሊቦም ሩዝ ጭነው ይመጣሉ። ወደ ቤት ስገባ ሉሊት ጠበቀችኝ።

"እማዬ፣ ባሕር ዳር ልውሰዳችሁ። ሁለታችሁንም እኔ ልያዝ። ወፍጮውን አከራዪው።"

"አባትሽስ? ቤቱን ትቶ..."

"አባባ እኮ የምንለውን የሚረዱ አይመስለኝም። እዚህም ሆኑ እዚያ ለሳቸው አንድ ነው።"

እሱ አጠገባችን ተቀምጧል። በመስኮት ሜዳውን ያያል። ሰማ? አልሰማም? ሉሊት ክፉ አይደለችም፤ ሌሊት ተነስታ የምታገላብጠው እሷ ናት። ደክሟታል። እኔም ደክሞኛል።

"እስከ ገና ላስብበት" አልኳት። ምኑን እንደማስበው እንጃ። እሺ ልላት ነው መሰለኝ።

ታኅሣሥ 3

ሩዝ ሊያስፈለፍሉ የመጡ ሴቶች ሰላም ሲሉት ግራ እጁን አነሳ። ለሁሉም ያነሳል።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

 በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ብርክቲ የመድኃኒት ካርቶን ቆርጣ መጣች። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የጨረታ ቃል ጽፋለች፤ 1 አበባ፣ 1 አልማዝ፣ 1 ልብ... "አልፌያለሁ" የሚለውንም። ቻላቸው ደግሞ አናጢ ዘንድ ሄዶ እንጨት አስሰንጥቆ መጥቷል። ካርታው ስንጥቁ ውስጥ ይቆማል፣ እጅ አያስፈልገውም። ሁለቱ ሳይነግሩኝ ተማክረዋል። ሁለተኛ አላወጣውም ብዬ አልነበር? አወጣሁት።

ጠረጴዛውን አስጠጋንለት። ካርታውን በእንጨቱ ላይ ደረደርኩለት፣ የካርታውን ፊት ሳላይ። ደስታው ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ በግራ እጁ አንዷን ካርታ ነቅሎ ከሌላዋ አጠገብ ሰካት። ሌላ ነቀለ። በዓይነት በዓይነት እየለየ ነው! 

ጨረታውን የሚከፍተው እሱ ነበር። ጣቱ በካርቶኖቹ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ቆመ። 2 ልብ።

ቻላቸው አለፈ። ተራው የእኔ ሆነ። ብርክቲ እንደ ደንቡ ጠየቀችኝ፤

"እትዬ አምሳል፣ ሁለት ልብ ምን ማለታቸው ነው?"

"አላውቅም" አልኳት።

እውነቴን ነበር። የድሮው የሚስተር ናየር ከሆነ ብርቱ ነው፤ እኔም አሥራ ሦስት ነጥብ ይዣለሁና ወደ አራት መውጣት አለብኝ። የአዲሱ ከሆነ ደካማ ነው፤ ማለፍ አለብኝ። አዲሱን የሚያውቅ ደግሞ ከሁለታችን በቀር ማንም የለም። ያቺ ምሽት፣ ያቺ ጆንያ... ከመውደቁ በፊት የተነጋገርነው የመጨረሻ ነገር። ሕመሙ እሷን ወስዷታል ወይስ ትቷታል? ዕድሜ ልኩን የለመደውን ይረሳል አይባልም። የአንዲት ምሽት ነገር ግን?

እኔ ራሴ ሁለት ልብ ሆንኩ። ዐይኑን ማየት አልፈለግሁም፤ ደንቡም አይፈቅድም።

"አልፌያለሁ" አልኩ።

ብርክቲም አለፈች። የከፋቹ አጣማጅ እንደሚያደርገው፣ ካርታዬን ገልጬ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ያኔ አየሁት። በደህናው በግራ ጉንጩ ፈገግ ብሏል።

ልብ አንድ። ልብ ሁለት። እያንዳንዷን በጣቱ ገፋ እያደረገ አወጣት። ስድስት ልብ። ሰባት ነጥብ። ከዚያ በላይ አንዲት የረባች ካርታ አልያዘም። ስምንት ዙር ያስፈልገን ነበር፣ ስምንት አገኘን።

ወደ ጓሮ ወጣሁ። የሩዝ ገለባው ክምር ጋ ቆሜ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። ብርክቲ ተከትላ መጣች። "ምነው? አስቀየምናቸው?" አለችኝ።

"እሱ ነው" አልኳት። "ደስታው ነው። እዚያው አለ።"

ታኅሣሥ 7

ሉሊት ከባሕር ዳር ስትመለስ ነገርኳት። አቀፈችኝ። "እማዬ፣ አጋጣሚ ቢሆንስ?" አለች ቀስ ብላ። ተስፋዬ ተሰብሮ እንዳይጎዳኝ ነው። አልተቆጣኋትም። ግን አጋጣሚ አይደለም። አይደለም?

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

አይደለም!

ዛሬ ሉሊት ከአባቷ ጀርባ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ካርታውን በትከሻው በኩል ታያለች፣ ጨዋታውን ግን አታውቀውም፤ የካርታውን ዓይነት ብቻ ከልጅነቷ ታውቃለች። ከመጀመራችን በፊት ለቻላቸውና ለብርክቲ አዲሱን መንገድ ነገርኳቸው፣ ልክ ደስታው እንዳለው። ስነግራቸው ራሱን ነቀነቀ። የዛሬው መነቅነቅ ግን እንደዚያኛው አይደለም።

ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ደስታው ካርታውን ሲደረድር ቆይቶ ቀና ብሎ አየኝና ወዲያው ዐይኑን ሰበረ። ጣቱን ወደ ካርቶኖቹ ሰደደ። 2 ልብ ላይ ደረሰ... አለፈው። ተመለሰ። 2 አበባ ላይ አሳረፈ።

ሉሊት አላስቻላትም። "ኧረ እማዬ፣ ተሳስተዋል! አባባ አበባ አንድ ብቻ ነው ያላቸው፤ የሞላቸው እኮ ልብ ነው፣ አስ፣ ንጉሥ፣ ንግሥት..."

"ኧረ ሉሊት!" አለ ቻላቸው ራሱን ይዞ። "እጃቸውን አወጣሽው!"

ጨዋታው ተበላሸ። እኔ ግን ሳቄ ከእንባዬ ተቀላቀለብኝ። "አልተሳሳተም ልጄ። ብርቱ ከሆንኩ ሁለት አበባ እልሻለሁ ብሎኝ ነበር። በወደቀበት ዋዜማ ማታ።"

 ሉሊት ተነስታ በፊቱ ተንበረከከች።

"አባባ... ያልነውን ሁሉ ይሰሙ ነበር ማለት ነው?"

የቤት ሥራውን ያልሠራ ተማሪ የሚያይበት አስተያየቱ አለ። በዚያ አያት። ከዚያ ግራ እጁን ራሷ ላይ አሳረፈ።

ታኅሣሥ 14

ሉሊት ባሕር ዳር ላለው ሐኪም ደወለች። እንዲህ ያለ ነገር አለ አላት፤ ሰው እየገባው "አዎ" እና "አይ" የሚባሉት ምልክቶች ይደበላለቁበታል። ራሱን ሲነቀንቅ እሺ ማለቱ ላይሆን ይችላል። በጽሑፍ፣ በሥዕል፣ በጣት ጠይቁት አለ። በየቀኑ የምናሠራውን መልመጃም ነገራት።

ማታ ራት በልተን ሉሊት ካርቶኖቹን አባቷ ፊት ዘረጋች።

"አባባ፣ እንግዲህ ልጠይቅዎት። ባሕር ዳር እኔ ዘንድ መጥተው ቢኖሩ?"

አላሰበበትም። "አልፌያለሁ" የሚለውን በጣቱ ገፋላት።

እንደዚያ የሳቅነው ስንት ጊዜያችን ነው! ሉሊትም ሳቀች፣ ዐይኗን እየጠረገች። "እሺ" አለች። "እሺ፣ እኔ እመላለሳለሁ።"

ወፍጮው አይከራይም። ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ወርዷል። ከጥቅምት ወዲህ ዛሬ ገና እህል ጣመኝ፣ ሽሮም ቢሆን።

ታኅሣሥ 26፣ እሑድ

አሸነፍናቸው። "ሦስት ጦር" አለ በሰባት ካርታ፤ ቻላቸውና ብርክቲ መነጋገሪያ አጥተው ሲወዛገቡ ዋሉ። እነሱም የኛን መንገድ ሊይዙ ነው። ቻላቸው ስልኩን "ይቅርታ" አለው።

የንስሐ አባታችን ጸበል ሊረጩት መጥተው ካርታውን አዩ። ደነገጥኩ። "ቁማር ነው?" አሉኝ። "ገንዘብ የለበትም አባታችን፤ አንደበቱ እንዲመለስ ነው" አልኳቸው። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አነበቡና "እንግዲያው ለዚህም እንርጭለት" ብለው ጠረጴዛውን ረጩት። ካርታው ረጠበ።

ጥር 13

ዛሬ ተናገረ።

ከጥምቀት የተረፈ ዳቦ እየቆረስኩለት ነበር። እጁን ዘረጋ፣ "እ... እ..." አለ። "ማር ላድርግበት? ሻይ ነው? ቢላዋውን?" አከታተልኩበት። እጄን ያዘኝ።

"ቆይ" አለ።

ጥርት ያለ። ደስታውኛ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እሱም የደነገጠ መሰለኝ። ደግሞ ሞከረው። "ቆይ።" ከዚያ ራሱ ዘረጋና የጨው ዕቃውን አነሳ። ጨው! ዳቦ በጨው የሚበላ ሰው ማን ይገምታል?

ለሉሊት ደወልኩ። ስልኩን አስጠጋሁለት። "ቆይ" አላት። እሷም ከወዲያ ማዶ ጮኸች።

የካቲት 4

ቃሉ እየበዛ ነው። ተራ የለውም፤ ዛሬ የመጣው ነገ ይጠፋል፣ ከዚያ ይመለሳል። "በሬ" ሊል "ባሕር" ይላል፣ ይናደዳል፣ ይስቃል። እኔ የምማረው ዝም ማለትን ነው። ቃሉን ከአፉ ነጥቄ ልጨርስለት እቸኩላለሁ። ሳላስበው ምላሴ ይቀድማል። ግን እየቻልኩት ነው።

ጠዋት ወፍጮ ቤት አብሮኝ ወረደ፣ በከዘራው። በር ላይ ወንበር አደረግሁለት። አዛናው መጣ፣ የቁሐር ሚካኤሉ ገበሬ፤ የደስታው የድሮ ተማሪ ነው። ሩዙን ከጋሪ አውርዶ ባርኔጣውን አወለቀ።

"እንደምን አደሩ ጋሼ? ተሻለዎት?"

ደስታው አየው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። አዛናው ጨነቀው፤ ወደ እኔ ዞረ፣ መልሱን ከእኔ ጠበቀ። ምን ሊለው እንደፈለገ አውቄዋለሁ። ባለፈው ሳምንት የአዛናው እናት መታመማቸውን ስንሰማ ደስታው ፊቱ ሲለወጥ አይቻለሁ። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

ሄጄ መፈልፈያውን አጠፋሁት።

ወረፋ የያዙት ሴቶች አጉረመረሙ። "ምነው እትዬ? መብራት ሄደ?" በእጄ ምልክት ሰጠኋቸው።  ደጁ ሁሉ ዝም አለ፤ ጋሪው ላይ ያለው ፈረስ ብቻ ጭራውን ያወናጭፋል።

"እና..." አለ ደስታው። ቆመ። ላቡ ግንባሩ ላይ ወጣ። "እናት... እናትህ..."

አዛናው ጎንበስ ብሎ ይጠብቃል። ማንም አልረዳውም። እኔም።

"ደህና... ናት?"

"ደህና ናት ጋሼ" አለ አዛናው። "ተሽሏታል። ዛሬ ከቤት ወጥታ ፀሐይ ሞቃለች።"

ደስታው "ተመስገን" አለ። ባንዴ፣ ሳይሰናከል።

መፈልፈያውን መልሼ አስነሳሁ።